የጥንቱ የቻይና የሰይፍ ፊልም ምኑ ነው የሚይዘው? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የቆዩ የቻይና የሰይፍ ፊልሞች እወዳለሁ ስል ሰው መጀመሪያ ይስቃል። ቀጥሎ ይጠይቃል። ጥያቄዎቹ ከዓመት ዓመት ብዙም አይለወጡም። ስለዚህ አንድ ቦታ ሰብስቤ ልመልሳቸው ብዬ ተነሳሁ። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ፈልጋችሁ ለማግኘት እንዲቀላችሁ የፊልሞቹን ስም በእንግሊዝኛ አጠራራቸው ጽፌዋለሁ።

እነዚህ የካራቴ ፊልሞች አይደሉም እንዴ?

አይደሉም። ግን አይፈረድባችሁም። እኛ ቪዲዮ ቤት ተሰልፈን ያደግን ሰዎች፣ እስያዊ ሰው እየዘለለ የሚማታበትን ፊልም ሁሉ «ካራቴ» ብለን ነው የምንጠራው። ካራቴ የጃፓን ነው፤ መነሻውም ኦኪናዋ ደሴት። ብሩስ ሊ ደግሞ ኩንግ ፉ ነው፣ ያውም በባዶ እጅ። እኔ የማወራው ከሁለቱም ስለሚቀድመው፣ ሰይፍ ስለሚመዘዝበት ዓይነት ነው። ቻይናዎቹ «ዉሺያ» ይሉታል።

«ዉ» የጦር ጥበብ ነው። «ሺያ» ግን ለመተርጎም ያስቸግራል። መኳንንት አይደለም፤ ድሃም ሺያ ይሆናል። ወታደር አይደለም፤ አለቃ የለውም። ቃሉን አያጥፍም፣ ውለታ አይረሳም፣ ደካማ ሲበደል አይቶ አያልፍም። ሕግ ግን ይጥሳል። ከክርስቶስ ልደት በፊት የኖረው ታሪክ ጸሐፊው ሲማ ቺየን በትልቁ የታሪክ መጽሐፉ ውስጥ ለእንዲህ ዓይነት ሰዎች አንድ ምዕራፍ ለይቶ ሰጥቷቸዋል። አድራጎታቸው ከሕግ ጋር ባይስማማም የተናገሩትን ይፈጽማሉ ይላል። የእኛ አያቶች ስለ አንዳንድ ሽፍታ በአድናቆት ሲያወሩ የሰማ ሰው ነገሩ አይጠፋውም።

እነዚህ ሰዎች የሚኖሩበት ዓለም «ጂያንግሁ» ይባላል። ቃል በቃል «ወንዞችና ሐይቆች» ማለት ነው። ቤተ መንግሥቱ በደንብ የማያዝበት፣ የራሱ ወግና የራሱ ዳኝነት ያለው ዓለም ነው። «ዱር ቤቴ» ያለ ሰው ሀገር በሉት። ልዩነቱ እዚያ ዱር ውስጥ ጥሩ ጥሩ ምግብ ቤቶች መኖራቸው ነው።

እሺ፣ ምኑ ነው ደስ የሚለው? ድብድቡ?

ድብድቡ አይደለም። ይህን ስል ሰው አያምነኝም።

ደስ የሚለኝ ሰይፉ ከአፎቱ ከመውጣቱ በፊት ያለው ጊዜ ነው። አንድ እንግዳ በር ከፍቶ ይገባል። ባርኔጣውን አያወልቅም። ጥግ ላይ ይቀመጣል። ሻይ ወይም መጠጥ ያዛል። ሰይፉን ጠረጴዛው ላይ ያኖረዋል። አሳላፊው እጁ ይንቀጠቀጣል። ከወዲያኛው ጠረጴዛ አራት ሰዎች ጨዋታቸውን ያቆማሉ። ማንም ምንም አላደረገም፤ እኛ ግን መተንፈስ አቁመናል። ከዚያ እጅ መንሳት ይመጣል፤ ቀኝ ጡጫ በግራ መዳፍ ተሸፍኖ፣ ዝቅ ብሎ። «የታላቁን ጌታ ስም ለመስማት አልታደልኩም» ዓይነት ንግግር ይከተላል። ሊገዳደሉ ነው እኮ! ግን ጨዋነቱ አይጓደልም።

የእኛ ጀግና ከውጊያ በፊት ይፎክራል። «ዘራፍ» ብሎ ተነስቶ፣ የማን ልጅ እንደሆነ፣ የት እንደዋለ፣ ማንን እንደጣለ ይናገራል። የዉሺያ ሰውም ስሙንና የማን ደቀ መዝሙር እንደሆነ ይናገራል፤ ግን በዝግታ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ጮክ ብሎ የሚፎክረው ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚሞተው ነው። ይህን አንዴ ካወቃችሁ ማን ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ መገመት ትችላላችሁ።

ለምንድን ነው ሁሉም ጠብ ምግብ ቤት ውስጥ የሚነሳው?

የምወደው ጥያቄ ይሄ ነው። ትንሽ ታገሱኝ።

ጂያንግሁ ውስጥ የሚኖር ሰው ቤት የለውም። መንገደኛ ነው። መንገደኞች ሁሉ የሚገናኙበት አንድ ቦታ ቢኖር የእንግዳ ማደሪያ ነው፤ ምድር ቤቱ ምግብና መጠጥ፣ ፎቁ መኝታ። እዚያ ሽፍታውም፣ ሰላዩም፣ መነኩሴውም፣ ነጋዴውም አንድ ጣሪያ ሥር ያድራሉ። ማን ማን እንደሆነ አይታወቅም። ጠጅ ቤት ገብታችሁ ከማታውቁት ሰው ጋር አንድ አግዳሚ ላይ የተቀመጣችሁበትን ቀን አስቡት፤ ከዚያ ሰውየው ጋቢው ሥር ምን እንደያዘ አታውቁም እንበል።

ይህንን ነገር ወደ ጥበብ ያደረሰው ኪንግ ሁ የሚባል ዳይሬክተር ነው። የቤጂንግ ልጅ ነው፤ የፊልም ሥራን የጀመረው ግን ሆንግ ኮንግ ሄዶ ነው። በ1966 ሾ ብራዘርስ ለሚባለው ስቱዲዮ «ካም ድሪንክ ዊዝ ሚ»ን ሠራ። ሽፍቶች አንድ የመንግሥት ሰው አግተዋል፤ አለቃችን ካልተፈታ አንለቅም ብለዋል። ለድርድር የተላከችው የታጋቹ እህት ናት። የወንድ ልብስ ለብሳ ማደሪያው ትገባለች፣ ትቀመጣለች፣ መጠጥ ታዛለች። ሽፍቶቹ አንድ በአንድ ይከቧትና ይፈታተኗታል። እሷ ትጠጣለች። የሚሰነዘርባትን ነገር ሁሉ እንዳልሆነ አድርጋ ትመልሰዋለች። ያንን ትዕይንት ስንት ጊዜ እንዳየሁት ብነግራችሁ ሥራ ፈት ትሉኛላችሁ።

ቀጥሎ ኪንግ ሁ ወደ ታይዋን ሄዶ በ1967 «ድራገን ኢን»ን ሠራ። እዚህ ፊልሙ ሙሉ በሙሉ ማለት ይቻላል በአንድ ማደሪያና በዙሪያው ነው የሚያልቀው። ዘመኑ 1457 ነው፣ ሚንግ ሥርወ መንግሥት። አንድ ክፉ ጃንደረባ የጦር ሚኒስትሩን አስገድሎ ልጆቹን በግዞት ወደ ጠረፍ ይሰዳል፤ መንገድ ላይ እንዲገደሉም ሰዎቹን አስቀድሞ ወደ ማደሪያው ይልካል። (የእኛ ሰው ጃንደረባ ሲባል ትዝ የሚለው የሐዋርያት ሥራው ደግ ሰውዬ ነው። እዚህ ፊልም ውስጥ ግን እንደዚያ እንዳትጠብቁ።) ገዳዮቹ ማደሪያውን ይዘው ሲጠብቁ አንድ ጃንጥላ የያዘ ብቸኛ መንገደኛ ይመጣል። አልጋ የለም ይሉታል። እሱ መብላት ነው የምፈልገው ይላል። የተመረዘ መጠጥ ይቀርብለታል። የኑድል ሳህን ከአንዱ ጠረጴዛ ወደ ሌላው በአየር ይወረወራል፣ ጠብታም አይፈስም። ይህ ሁሉ ሲሆን ሰዎቹ ፈገግ እያሉ ነው። ፊልሙ በታይዋንም ከዚያም ውጪ እጅግ ተወደደ። ያን ጊዜ የነበሩ የከተማ ሲኒማ ቤቶች ሲዘጉ፣ በ2003 ሌላ የታይዋን ዳይሬክተር በሚዘጋ ሲኒማ ቤት የመጨረሻ ምሽት ላይ ፊልም ሲሠራ፣ በዚያ ምሽት የሚታየው ፊልም እንዲሆን የመረጠው «ድራገን ኢን»ን ነው።

ሰዎቹ ለምን ይበራሉ? ይሄኛውን እኔ መቀበል አልችልም።

አይበሩም። «ቺንግ ጎንግ» ይባላል፤ ሰውነትን የማቅለል ጥበብ ማለት ነው። በትንፋሽና በረጅም ልምምድ የሚገኝ ነው ተብሎ ልብ ወለዶቹ ውስጥ ይተረካል። የጣሪያ ክዳን ላይ ይሮጣሉ፣ የዛፍ ጫፍ ረግጠው ያልፋሉ፣ ውሃ ላይ ኮቴያቸውን አያርሱም። ልጅ ሆነን ተረት ሲነገረን ጅቡ ሲናገር «ጅብ እንዴት ይናገራል?» አላልንም። እሱን ካለፋችሁ ይሄም ያልፋል።

አሠራሩን ለሚጠይቅ ደግሞ፦ በ1960ዎቹ ዋናው ዘዴ ትናንሽ ትራምፖሊን ነበር። ተዋናዩ ከካሜራው እይታ ውጪ ካለች ትራምፖሊን ላይ ይነሳል፤ ቀጥሎ ከሌላ ቦታ የተቀረጸ ሰማይ ላይ ያለ ምስል ይገባል፤ ቀጥሎ ሲያርፍ ይታያል። ሦስት ቁራጭ ተቀጥሎ አንድ ዝላይ ይሆናል። ኪንግ ሁ ቁርጥራጮቹን በጣም ያሳጥራቸው ስለነበር ዓይን በቅጡ ሳያይ ያልፋሉ። እንዴት እንደሆነ አታዩም፤ እንደሆነ ብቻ ታውቃላችሁ። በኋላ ሽቦ መጣ። ከዚያ ሽቦውን ከምስሉ የሚያጠፋ ኮምፒውተር መጣ። እኔ ትራምፖሊኑን እመርጣለሁ። ሰው ሲዘል ክብደቱ ይታያል፤ መሬት ሲረግጥም አቧራ ይነሳል።

ኦፔራ ነው የሚመስለው የሚሉ አሉ። እውነት ነው?

እውነት ነው፤ ስድብም አይደለም። የድሮዎቹ የሰይፍ ፊልሞች አባት የቤጂንግ ኦፔራ ነው። የፊልሞቹን ፍልሚያ የሚያቀናብሩት ሰዎች ብዙዎቹ ከልጅነታቸው ጀምሮ በኦፔራ ትምህርት ቤት ሲገለባበጡ ያደጉ ናቸው። የኪንግ ሁ የፍልሚያ አቀናባሪ ሃን ዪንግጂየም ከዚያው የወጣ ነው። ኪንግ ሁ ራሱ የጦር ጥበብ እንደማያውቅ፣ የሚያሳየው ውዝዋዜ እንጂ ውጊያ እንዳልሆነ አይደብቅም ነበር። ከበሮውንና ነጋሪቱን ስሙት። ተዋናዩ ሦስት እርምጃ ይሄዳል፣ ከበሮው ድው ይላል፣ ተዋናዩ ባለበት ይደርቃል፣ ዓይኑ ብቻ ይዞራል። ይሄ የመድረክ ሥርዓት ነው። ያ መድረቅ ነው የፊልሙ ልብ፤ ከላይ ያልኳችሁ የመጠበቅ ጊዜ ምንጩም እሱ ነው።

ሴቶቹ እንዴት እንዲህ ኃይለኛ ሆኑ? ያን ዘመን?

ብዙ ሰው የማያውቀው፣ በ1960ዎቹ አጋማሽ የሰይፍ ፊልም ዋና አክተር ሴት መሆኗ ያልተለመደ ነገር አልነበረም። በኦፔራም በልብ ወለዱም የሴት ተዋጊ ወግ ከድሮም ነበር። በ«ካም ድሪንክ ዊዝ ሚ» ላይ የተጫወተችው ቼንግ ፔይ ፔይ ያን ጊዜ ዕድሜዋ 20 ገደማ ነበር። የጦር ጥበብ አልተማረችም፤ የተማረችው ባሌ ዳንስ ነው። ኪንግ ሁ የፈለገውም እሱን ነበር። ሁለት አጫጭር ሰይፎች ይዛ ስትዞር የምታዩት የዳንሰኛ ወገብ ነው።

ሌላዋ ሹ ፌንግ ናት። የኪንግ ሁ ሌላ ፊልም የሆነው «ኤ ተች ኦፍ ዜን» ላይ ፊቷን እዩት። ፈገግ አትልም፣ አታለቅስም፣ አትቆጣም። ግን ምን እንደምታስብ ታውቃላችሁ።

አንድ ነገር ግን ታገሡ፦ የወንድ ልብስ ስትለብስ ማንም ሴት መሆኗን አይለይም። ፊቷ ያው ነው፣ ድምፅዋ ያው ነው፣ ሁሉም «ወንድሜ» ይላታል። ይህም የመድረክ ወግ ነው። ሣቁና እለፉት።

ያ አንድ እጁ የተቆረጠው ሰውዬ ያለበት ፊልም የቱ ነው?

«ዘ ዋን አርምድ ሶርድስማን»፣ 1967፣ ዳይሬክተሩ ቻንግ ቼ፣ አክተሩ ጂሚ ዋንግ ዩ። በሆንግ ኮንግ ገበያ ከአንድ ሚሊዮን የሆንግ ኮንግ ዶላር በላይ አስገብቶ ዳይሬክተሩን «የሚሊዮን ዶላር ዳይሬክተር» አሰኝቶታል።

ታሪኩን ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም ስለ ውለታ ከዚህ የተሻለ ፊልም አላውቅም። የአንድ የሰይፍ መምህር አገልጋይ ጌታውን ለማዳን ይሞታል። መምህሩ በውለታው የሟቹን ልጅ፣ ፋንግ ጋንግን፣ ደቀ መዝሙር አድርጎ ያሳድገዋል። ልጁ ከሁሉም ይበልጣል፤ ሌሎቹ ተማሪዎች የአገልጋይ ልጅ እያሉ ይንቁታል። የመምህሩ ልጅ በንዴት ቀኝ እጁን ትቆርጠዋለች። እየደማ ይሄዳል። አንዲት ገበሬ ልጅ አግኝታ ታድነዋለች፤ በግማሽ ከተቃጠለ መጽሐፍ በግራ እጁ መዋጋት ይማራል። መሣሪያው የአባቱ የተሰበረ ሰይፍ ነው።

አሁን ብልሃቱን ስሙ። የመምህሩ ጠላቶች የእሱን ትምህርት ቤት ረጅም ሰይፍ ቆልፎ የሚይዝ መሣሪያ ይፈጥራሉ። የመምህሩ ተማሪዎች ሁሉ አንድ በአንድ በዚያ ያልቃሉ። ቁልፉ ሊይዘው የማይችለው አንድ ሰይፍ ብቻ ነው፤ አጭሩ፣ የተሰበረው። የተናቀው ልጅ፣ የተቆረጠው እጅ፣ የተሰበረው ሰይፍ ተመልሰው መምህሩን ያድናሉ። ከዚያስ? ከዚያ ጂያንግሁን ትቶ ከገበሬዋ ልጅ ጋር ሊያርስ ይሄዳል። ሹመት ሳይፈልግ፣ የቆረጠችውን ልጅም ሳይበቀል። እኛ ሀገር ደም መላሽ ቤት እስኪጠፋ ድረስ ሲፈላለግ የሰማን ሰዎች፣ ጎበዙ ሰይፉን ሰቅሎ ሞፈር ሲያነሳ ማየት ደስ ይለናል። ቢያንስ እኔን ደስ ይለኛል።

ቻንግ ቼ ከኪንግ ሁ ጋር ፍጹም አይመሳሰሉም። ቻንግ ቼ የወንዶች ሰው ነው፤ ወንድማማችነት፣ ላብ፣ ደም። በሕይወት ዘመኑ ወደ መቶ የሚጠጉ ፊልሞች ሠርቷል፤ ሁሉም ጥሩ ናቸው ብዬ አልዋሽም።

ሰይፍና ጎራዴ ይለያያሉ?

ይለያያሉ፤ አማርኛችን ደግሞ ለዚህ ይመቻል። «ጂየን» የሚባለው ቀጥ ያለ፣ በሁለት ወገን የተሳለ ነው፤ ሰይፍ እንበለው። «ዳኦ» በአንድ ወገን ብቻ የተሳለ፣ ብዙውን ጊዜ ጎበጥ ያለ ነው፤ ጎራዴ። ሰይፉ የጨዋ ሰው መሣሪያ ነው ይባላል፤ ቀላል ነው፣ ይወጋል፣ ልምምድ ይፈልጋል። ጎራዴው ይቆርጣል። ፊልም ላይ ሰይፍ የያዘ ሁሉ ደግ፣ ጎራዴ የያዘ ሁሉ ክፉ አይደለም፤ ግን ቀድሞ ለመገመት ያግዛል።

ድምፁ ከአፋቸው ጋር የማይገጥመው ለምንድን ነው?

ሲቀረጽ ድምፅ አይቀረጽም ነበር። ሁሉም በኋላ ስቱዲዮ ውስጥ ነው የሚገባው። ተዋናዮቹ የሚናገሩት ቻይንኛ የተለያየ ነው፤ አንዱ ካንቶኒዝ፣ አንዱ ማንዳሪን። ሾ ብራዘርስ የሚፈልገው ማንዳሪን ነበር፤ ገበያው ታይዋንና ደቡብ ምሥራቅ እስያ ያለው ቻይናዊ ነዋ። ስለዚህ ሌላ ሰው ድምፁን ይሰጣል። ለውጭ ገበያ ሲሸጥ ደግሞ እንግሊዝኛ ይለጠፍበታል። እኛ ጋ ሲደርስ ድምፁ ሁለት ጊዜ ተቀይሯል። ያ እንግሊዝኛ አስቂኝ ነው። የሚቻል ከሆነ በዋናው ድምፅ፣ ከሥሩ ጽሑፍ እያነበባችሁ እዩት። ሌላ ፊልም ነው የሚሆነው።

ሌላም ያመለጠን አለ። እነዚህ ፊልሞች የተቀረጹት በሰፊ ስክሪን ነው፤ ስፋቱ የቁመቱን ከሁለት እጥፍ በላይ ይሆናል። ለቪዲዮ ካሴት ሲገለበጡ ግራና ቀኙ ተቆርጦ ወደ ቴሌቪዥን ቅርጽ ገባ። ከምስሉ አርባ በመቶ ያህሉ ጠፋ ማለት ነው። ቪዲዮ ቤት ሆነን «ማን ነው የመታው?» ብለን የተከራከርነው፣ የመታው ሰው ከቴሌቪዥኑ ጠርዝ ውጪ ስለነበረ ነው። በ2000 የሾ ብራዘርስ ክምችት፣ 760 ያህል ፊልም፣ ለሌላ ድርጅት ተሸጠ፤ ከ2002 ጀምሮ እየታደሰ በሙሉ ስፋቱ መውጣት ጀመረ። አሁን የሚገኙት ጥሩ የሾ ብራዘርስ ቅጂዎች ከዚያ የመጡ ናቸው።

ታሪኮቹ ከየት ነው የመጡት?

ባብዛኛው ከጋዜጣ። እውነቴን ነው። የመጀመሪያው የፊልም ማዕበል ሻንጋይ ነበር፤ በ1928 የወጣው «የቀይ ሎተስ ቤተ መቅደስ ቃጠሎ» ተወድዶ ተከታታይ ክፍሎች እየተጨመሩለት እስከ 1931 ዘለቀ። መንግሥት እንዲህ ያለው ፊልም ጥንቆላና አጉል እምነት ያስፋፋል ብሎ ከለከለ። ዛሬ አንድም ቅጂ የለም።

ከዚያ 1954 ጥር ላይ አንድ የታይ ቺ መምህርና አንድ የነጭ ሽመላ ስልት መምህር ማካው ላይ በሕዝብ ፊት ተጋጠሙ። ፍልሚያው አጭር ነበር፣ አሸናፊም አልተለየም። ሆንግ ኮንግ ግን በወሬው ታመሰች። አንድ የማታ ጋዜጣ ወሬው ሳይበርድ ብሎ ከባልደረቦቹ አንዱን ተከታታይ የሰይፍ ልብ ወለድ እንዲጽፍ አዘዘው። ደራሲው ሊያንግ ዩሼንግ በቀናት ውስጥ ጀመረ። በዓመቱ የሥራ ባልደረባው ጂን ዮንግ ተከተለ፤ እሱም በኋላ የራሱን ጋዜጣ አቋቋመና ልብ ወለዶቹን እዚያው እያወጣ ጋዜጣውን ሸጠባቸው። በየቀኑ አንድ ቁራጭ፣ ነገ ምን ይሆን እያሰኘ። የዘመናዊው ዉሺያ ድርሰት የተወለደው እንደዚህ ነው፤ በአንድ የማይረባ ግጥሚያና በአንድ ብልጥ አዘጋጅ።

ከጃፓን ሳሙራይ ፊልም ጋር አንድ ነው?

ዘመድ ናቸው። ሆንግ ኮንጎች ከጃፓን ብዙ ወስደዋል፤ የ«ካም ድሪንክ ዊዝ ሚ» የካሜራ ባለሙያ ራሱ ኒሺሞቶ ታዳሺ የሚባል ጃፓናዊ ነበር። ልዩነቱ ሳሙራይ ጌታ ያለው፣ ወይም ጌታውን ያጣ ሰው መሆኑ ነው። ሺያ ድሮም ጌታ የለውም። የጃፓኑ ፍልሚያ በአንድ ምት ያልቃል፤ የቻይናው ይዘረጋል፣ ይዞራል። ስለ መጠበቅ ካነሳን ግን የጃፓናዊውን ዳይሬክተር የኩሮሳዋን «ሳንጁሮ»፣ 1962፣ ሳልጠራ አላልፍም። መጨረሻው ላይ ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ይቆማሉ። ይቆማሉ። አሁንም ይቆማሉ። ቀሪውን እናንተው እዩት።

ለምን ጠፋ ታዲያ?

ብሩስ ሊ መጣ። በ1971 «ዘ ቢግ ቦስ» ሲወጣ ሰው ሰይፍ አይደለም ጡጫ ነው የምናየው አለ። እውነተኛ የሚመስል ምት አይቶ ወደ ትራምፖሊን መመለስ ከባድ ነው። በ1976 ቹ ዩዋን የሚባል ዳይሬክተር የደራሲ ጉ ሎንግን ሥራዎች ይዞ ሰይፉን መለሰው፤ በአበባና በጭጋግ በተሞላ ስቱዲዮ ውስጥ፣ ገዳዩ ማን ነው እያሰኘ። ከዚያ 1990ዎቹ መጡ፣ ሽቦው በዛ፣ ሁሉም ሰው በረረ።

«ክራውቺንግ ታይገር»ን አይቻለሁ። እሱ አይበቃም?

ጥሩ ፊልም ነው፤ አላጣጥለውም። በ2000 የወጣው ይህ የአንግ ሊ ፊልም አራት ኦስካር ወስዷል። ብዙ ሰው ወደ ዉሺያ የገባው በእሱ በር ነው። ግን ሁለት ነገር ልብ በሉ። የቀርከሃ ጫካው ፍልሚያ ለኪንግ ሁ የተነሳ ባርኔጣ ነው፤ «ኤ ተች ኦፍ ዜን» ከሰላሳ ዓመት በፊት ያንን ጫካ ገብቶበታል። ያቺን አሥር ደቂቃ የማትሞላ ትዕይንት ለመቅረጽ 25 ቀን እንደፈጀ ይነገራል፤ ፊልሙም በ1975 ፈረንሳይ ውስጥ በካን የፊልም ፌስቲቫል ላይ የቴክኒክ ሽልማት አግኝቷል። ሁለተኛው፣ በ«ክራውቺንግ ታይገር» ክፉዋን አሮጊት ጄድ ፎክስን የተጫወተችው ማን እንደሆነች ታውቃላችሁ? ቼንግ ፔይ ፔይ። ማደሪያው ውስጥ ተቀምጣ ስትጠጣ የነበረችው ያቺው ልጅ። በ2024 አረፈች። ሁለቱን ፊልሞች በተከታታይ ብታዩ፣ መካከላቸው ያሉት 34 ዓመታት ፊቷ ላይ ይታያሉ።

ከየት ልጀምር?

ከ«ካም ድሪንክ ዊዝ ሚ»። አጭር ነው፣ ያስቃል፣ ሰካራም ለማኝ አለበት። ካልወደዳችሁት እዚያው አቁሙ፤ አልቀየምም። ከወደዳችሁት «ዘ ዋን አርምድ ሶርድስማን»፣ ቀጥሎ «ድራገን ኢን»። «ኤ ተች ኦፍ ዜን»ን አትቸኩሉበት። ከሦስት ሰዓት በላይ ነው፤ የመጀመሪያው ፍልሚያ እስኪመጣ አንድ ሰዓት ያህል ያልፋል። መጀመሪያ ላይ የሸረሪት ድር ነው የምታዩት፣ ሣር ነው፣ ፈራርሶ የቀረ ምሽግ ነው። አርብ ማታ ከሥራ ደክሟችሁ አትክፈቱት። እሑድ ከሰዓት፣ ቡና ተፈልቶ፣ ስልክ ተዘግቶ።

ለልጆች ይሆናል?

የኪንግ ሁ ባብዛኛው ከፍ ላሉ ልጆች ይሆናል። የቻንግ ቼ አይሆንም። ደሙ ቀይ ቀለም እንደሆነ ያስታውቃል፤ ግን ብዙ ነው።

አክተሩ ይሞታል?

ይህን ሳይጠይቀኝ የቀረ ሰው የለም። እኛ «አክተር አይሞትም» እየተባባልን ነው ያደግነው። አጠገባችን ያለው ልጅ ሲያለቅስም የምናጽናናው በዚያ ነበር። ቻንግ ቼ ግን ይህን ሕግ አልሰማም። የእሱን አክተር ሆዱ ላይ ይወጉታል፣ ልብሱን አውልቆ ቁስሉን በመቀነት ይጠመጥማል፣ እንዲያ ሆኖ ሃያ ሰው ይጥላል፣ ከዚያም ቆሞ ይሞታል። የትኛው ፊልም ላይ እንደሆነ ስም አልጠራም።